ለትንሽ እግር የተቆረጠ ቀርከሃ

ጻፍ ብዬሃለሁ፣ ጻፍ! ወንድሜ እንዲህ ስቆጣው ይስቃል። ዕድሜ ልኩን የሰው ዳዊት ሲገለብጥ የኖረ ቁም ጸሐፊ፣ ለወጌሻ እኅቱ ጥቂት ቅጠል ብራና ቢያወጣ ምን ይጎድልበታል? «እትዬ፣ ቀስ በይ፤ የእኔ እጅ እንዳንቺ ምላስ አይሮጥም» ይለኛል። አይሩጥ! እኔ ግን ይህን ነገር በሆዴ ይዤ ብዙ ዘመን ኖሬአለሁ፤ ዛሬ ካልወጣልኝ ልፈነዳ ነው።

የምናገረው አንኮበር ሳለን ስለሆነ ነገር ነው። ንጉሡ ወደ እንጦጦ ወጥተው ከተማው ግማሹ ባዶ የሆነ ጊዜ፣ በክፉ ቀን ከብቱ ከማለቁ ሦስት አራት ዓመት ቀደም ብሎ። አባታችን ወጌሻ ነበር። ከደብረ ብርሃን ጀምሮ እስከ ቆላው አፋፍ ድረስ ከበቅሎ የወደቀ፣ ትከሻው የወለቀ፣ ከዛፍ ወድቆ ክንዱን የሰበረ ሕፃን ሁሉ የሚመጣው እኛ ደጅ ነው። አባቴ እጁን ሲያሳርፍ የሚያለቅስ ልጅ ዝም ይላል። እጁ ሞቃት ነበር፤ እንደዚያ ያለ እጅ ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

ዕውቀቱን ለወንድ ልጁ ማውረስ ነበረበት። ያለው ወንድ ልጅ ግን ይኸው የሚጽፍልኝ ነው፤ ቀኝ እግሩ ከግራው በአራት ጣት ያጥራል። ወጌሻነት ደግሞ ቆሞ፣ ጎትቶ፣ በጉልበት ተደግፎ የሚሠራ ሥራ ነው። ስለዚህ እሱ ወደ ፊደል ሄደ፣ እኔ ወደ አጥንት። ባል አግብቼ ነበር፤ ዐሥር ወር አብረን ኖርን። እሱ ቁጣዬን አልቻለውም፣ እኔም ስንፍናውን አልቻልሁትም። ተፋታንና አባቴ ቤት ተመለስሁ፤ ሰው መጀመሪያ «ሴት ወጌሻ!» እያለ ሳቀብኝ፤ ኋላ ግን የልጆቹን ክንድ ይዞ መጣ።

የወንድሜ እግር እንዴት አጠረ? ሕፃን ሳለ ሁለቱም እግሮቹ እንደ ቀስት ጎብጠው ነበር። አባቴ ሰብሮ፣ ጎትቶ፣ በቀርከሃ አሰራቸው። ግራው ቀና፣ ቀኙ አጠረ። ሲሰብረው ትከሻውን የያዝሁለት እኔ ነበርሁ፤ የስምንት ዓመት ልጅ። ያን ጩኸት እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ለወንድሜ ይህን ስነግረው፣ «ታዲያ ምን ታደርጊ ኖሯል?» ይለኛል። ሁልጊዜ እንዲሁ ነው የሚለኝ።

እንግዲህ መስቀል ባለፈ በሳምንቱ አንዲት ገረድ መጣችና አባቴን ወደ ጥግ ጠርታ፣ «እሜቴ በምስጢር ይምጡልኝ ይላሉ» አለችው። እመቤቲቱ የትልቅ ሰው ሚስት ናት፤ ባሏ ከንጉሡ ጋር ወደ እንጦጦ ወጥቷል። አራት ልጆች ወልዳ አራቱም ሞተውባታል። አገሩ ሁሉ «ዓይን በላቸው፣ ቡዳ ነው» ብሎ ፈርዷል። አምስተኛዋ ሴት ልጅ ናት፤ መኖሯን የሚያውቁ ጥቂት ነበሩ። ቡዳ እንዳይመኛት አስቀያሚ ስም አውጥተውላታል፤ ስሙን እንኳ ጮክ ብለው አይጠሩትም። ለክርስትና በነጠላ ተሸፋፍና ወጥታ ተመለሰች፤ ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ከጓዳ አልወጣችም።

ከአባቴ ጋር ገባሁ። ጓዳው መስኮት የለው፣ በሩ ላይ ሦስት መጋረጃ፤ በቀትር ጧፍ ይበራል። ልጅቷ ቅቤና ማር ያጠገባት፣ ወፍራም፣ ፊቷ የነጣ ናት። ግንባሯ በላብ ርሷል፤ በዚያ ብርድ አገር ላብ! እግሮቿ ጎብጠዋል። አባቴ ጭኗን ሲነካ እሪ አለች። ከወንድሜ ወዲህ በአባቴ እጅ ልጅ እሪ ሲል ስሰማ ይህ ሁለተኛዬ ነበር።

እናትየው ከልጇ ራስጌ ተቀምጣ ዓይን ዓይኑን ታየዋለች። «አባቴ፣ ይህች የመጨረሻዬ ናት። ከእንግዲህ የምወልድበት ዕድሜ የለኝም። ብትሞትብኝም፣ እየዳኸች ብትቀርም ያው አንድ ነው፤ ከዚያ ወዲያ አልኖርም እኔ» አለችው።

አባቴ ቀስ ብሎ፣ «አጥንቱ ጎብጦ ረግቷል። ሰብሬ አቀናዋለሁ። በቀርከሃ አርባ ቀን ይታሰራል። ለኅዳር ሚካኤል ማግስት ይሁን» አለ።

እኔ ደግሞ እጄ አያርፍም። የልጅቷን እጅ ያዝሁ። የእጇ አንጓ ወፍሯል፤ አንጓ ላይ አንጓ የተደረበበት ይመስላል። ጎኗን ዳሰስሁ፤ እያንዳንዱ የጎድን አጥንት ጫፉ ላይ እብጠት አለው፣ በጣቴ ስወርድ ጉብ ጉብ ይላል። ከዚያ ራሷን ነካሁና ዘለልሁ፤ እርግብግቢቷ አልገጠመም! የሁለት ዓመት ልጅ አናቷ እንደ አራስ ልጅ ይርገበገባል!

«አባዬ፣ ይህ የእግር ነገር አይደለም!» አልሁ። «እጇን እይ፣ ጎኗን እይ፣ ራሷን እይ! አጥንቷ በሙሉ ነው የታመመው። እግሯንስ ሰበርን፤ ራሷንም ልንሰብር ነው?»

«ዝም በይ» አለኝ፤ በሰው ፊት ነውና ድምፁን አላነሣም። ደጅ ስንወጣ ግን፣ «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም! የወንድምሽን እግር ማን አቀናው?» ብሎ ጮኸብኝ።

ግማሹን አቃናህ ልል ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር። እግዜር አፌን ያዘልኝ።

በዚያ ቅጽበት ከግቢው መሐል አንድ ትንሽ ልጅ ዶሮ እያሳደደ መጣና እግሬ ላይ ተደናቀፈ። ቂጡ ራቁቱን፣ አፍንጫው የተንጠባጠበ፣ እግሩ ግን ቀጥ ያለ! ተነሥቶ እንደገና ሮጠ። «የማን ነው?» አልኋት ገረዷን።

«የእኔ ነው።»

«ዕድሜው?»

«የእሜቴን ልጅ በዐሥር ቀን ይበልጣታል። ሁለቱንም ያጠባኋቸው እኔ ነኝ።»

ወይ ጉድ! አንድ ጡት የጠቡ፣ አንድ ግቢ ያደጉ። እሱ ጥሬ ቆርጥሞ ያድራል፣ እሷ ቅቤ ትልሳለች፤ የሚሮጠው ግን እሱ ነው። ምን ለያቸው? ያን ሰሞን ይህን ጥያቄ እንደ ጥሬ ሳመነዥከው ሰነበትሁ። አባቴ በበኩሉ ደጃችን ላይ ተቀምጦ ቀርከሃ ይቆርጣል፣ ይሰነጥቃል፣ በድንጋይ ያለሰልሳል። ስንዝር ከአራት ጣት፤ የልጅቷን እግር በእጁ ለክቶ ነበር የመጣው። ስምንት ስንጥቅ አዘጋጀና፣ «መሐሉ የሚጠቀጠቅ ጥጥ ያስፈልገኛል፤ ገበያ ውረጂ» አለኝ።

ወደ አልዩ አምባ ወረድሁ። አንኮበርን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከላይ ጉሙ ዓይን ያሳውራል፣ ጋቢ ደርበህም ትንቀጠቀጣለህ፤ ቁልቁለቱን ስትጨርስ ደግሞ ጋቢውን በራስህ ላይ ትሸከማለህ። አልዩ አምባ ያን ጠዋት ፀሐዩ ወለል ብሎ ነበር። ጥጥ ነጋዴው ገና አልመጣም። እስኪመጣ ብዬ በመንደሩ ሳልፍ አንድ ነገር አየሁና ቆምሁ።

አንዲት እስላም ባልቴት ቤቷ ደጃፍ ላይ ሰሌን ዘርግታ፣ ሦስት ሕፃናት ራቁታቸውን አስተኝታ፣ በሰሊጥ ቅባት ታሻቸዋለች። ፀሐይ ላይ! እኔ የደጋ ሰው ደሜ ፈላ። «ኧረ እማማ፣ ምን ነካዎት? ምች ይመታቸዋል እኮ!» ብዬ ጮኽሁ።

ባልቴቷ ቀና ብላ አየችኝና ሳቀች፤ ጥርስ የላትም፣ ሳቋ ግን ደስ ይላል። «ከላይ ነው የመጣሽው፣ ከጉሙ» አለች። «የጠዋት ፀሐይ ምች የለውም፤ ወላሂ፣ የጠዋት ፀሐይ የአላህ ቅቤ ነው። የሕፃናት አጥንት በሱ ነው የሚጠነክረው። ደግሞ አንቺ ማነሽ፣ በሰው ደጅ የምትጮኺ?»

አፈርሁ። ወጌሻ ነኝ አልኋት። «እኔም ነኝ» አለች። አቤት! ሁለት ወጌሻ ከተገናኘ ወሬው ያልቃል? ሰሌኑ ጫፍ ላይ ተቀምጬ የልጅቷን ነገር ከራስ እስከ እግር ዘረገፍሁላት፤ የጎበጠውን እግር፣ የወፈረውን አንጓ፣ ያልገጠመውን እርግብግቢት፣ የግንባሯን ላብ። የጎኗን ስነግራት፣ «እንደ ተስቢህ መቁጠሪያ ነው አይደል? ፍሬ ፍሬ ይላል?» አለችኝ። እንዴት አወቀች! ከዚያ እጇን በሰሌኑ ላይ ጠርጋ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«ልጅቷ ፀሐይ ታውቃለች?»

«ከተወለደች ጀምሮ ከጓዳ አልወጣችም» አልኋት።

«በቃ» አለች። «የጨለማ ልጅ ናት። ከእናንተ አገር ብዙ አምጥተውልኛል። አጥንቷ ገና እርጥብ ነው፤ ክብደቷ አጎበጠው። ፀሐይ አሙቋት፣ የእንቁላል አስኳል ስጧት፣ ከወር ከሁለት ወር በኋላ ላቧ ይቆማል። ሲጠነክር ራሱ እየቀና ይሄዳል። ግን አደራ፣ እንዳትሰብሩት! እርጥብ አጥንት ከተሰበረ አይገጥምም፤ ቢገጥምም አጥሮ ነው።»

ከተቀመጥሁበት ብድግ አልሁ። የገረዷ ልጅና የእመቤቲቱ ልጅ! አንድ ጡት፣ አንድ ግቢ፤ የለያቸው ያ ሦስት መጋረጃ ያለው በር ነው! ቡዳ እንዳያያት ብለው ከፀሐይ ደበቋት! ጮኽሁ መሰለኝ፤ ሕፃናቱ ደንግጠው አለቀሱ። ባልቴቷ እየሳቀች፣ «ያ አላህ፣ ሂጂ፣ ሂጂ ንገሪያቸው!» አለችኝ። ያን ዳገት እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። ቤት ደርሼ አባቴ እጁን ሲዘረጋ ነው ጥጡን እንደረሳሁት ያወቅሁት።

ነገሩን ነገርሁት። አልሰማኝም፤ ቢሰማኝማ መልካም ነበር። «ገና ሳልሞት ወረስሽኝ! የቆላ ባልቴት አስተማሪ ሆነችብኝ! ያችን ልጅ ምች ቢመታት ማን ሊጠየቅ ነው?» አለ። ሦስት ቀን አልተነጋገርንም። እኔም ቁጡ፣ እሱም ቁጡ፤ ወንድሜ በመካከላችን ወጥ ሲያቀብል ሰነበተ። አሁን ይህን ሲጽፍ እየሳቀ ነው፤ አይቼዋለሁ።

በአራተኛው ቀን እመቤቲቱ ዘንድ ብቻዬን ሄድሁ። ባልቴቷ ያለችውን ሁሉ ነገርኋት። አጥንቱ ከተሰበረ አጥሮ እንደሚቀርም አልደበቅኋትም። ፊቷ ዐመድ መሰለ። «ደጅ ላውጣት? ስንት ዓይን ባለበት? አራቱን የቀበርሁት እኮ እኔ ነኝ፣ አንቺ አይደለሽም!» አለች።

መጀመሪያ ልቆጣ ነበር። ከዚያ የገረዷ ልጅ ትዝ አለኝና ወረድ አልሁ። «እሜቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ይህን ደጅ ላይ የሚሮጠውን ልጅ ቡዳ ለምን አልበላውም?»

«የገረድ ልጅ ማን ያየዋል!» አለች ወዲያው።

«እንግዲያው የገረድ ልጅ እናድርጋት!» አልሁ። «አመድ እንቀባታለን፣ ቡቱቶ እናለብሳታለን፣ አልዩ አምባ እናወርዳታለን። እዚያ ማንም አያውቃትም። ማንም አይመኛትም።»

ገረዷ በነጠላዋ አፏን ይዛ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ እየሳቀች ነው። እመቤቲቱ ቀስ ብላ፣ «እኔስ? እኔን አይተው የማን እንደሆነች አያውቁም?» አለች።

«እርስዎም ገረድ ይሆናሉ። ልጅዎን በአንቀልባ አዝለው በእግርዎ ይወርዳሉ። እሜቴ እሷ ትሆናለች፤ በበቅሎው ላይ ትቀመጥ!»

ገረዷ ሳቋን አቆመች። «አበስኩ ገበርኩ!» አለች። እመቤቲቱ ግን ምን ታድርግ፣ እናት ናት። እመቤቲቱ ከአንገቷ ማርዳዋን ፈታ፣ «የትኛውን ቀሚስሽን ትሰጪኛለሽ?» አለቻት።

አባቴ ይህን ሲሰማ አልጮኸብኝም፤ ያ ይበልጥ አስፈራኝ። ስምንቱን ቀርከሃ በጨርቅ ጠቅልሎ ማገሩ ላይ ሰቀለ። «እስከ ፋሲካ» አለኝ። «ያን ጊዜ በእግሯ ካልቆመች ቀርከሃውን ይዤ እወርዳለሁ። አንቺም ትከሻዋን ትይዣለሽ።»

ትከሻዋን! አባቴ የት እንደሚመታኝ ያውቃል።

በኅዳር መጀመሪያ ወረድን። ገረዷ በቅሎ ላይ፣ የሐር ጥለት ያለው ነጠላ ለብሳ፣ ዓይኗን ወዴት እንደምታደርገው ጠፍቷት፤ እመቤቲቱ ከኋላ በእግሯ፣ ልጇን አዝላ። ልጇን አዝላ አታውቅም ነበር፤ በየመታጠፊያው አንቀልባውን እያጠበቅሁላት ወረድን። መንገድ ላይ ያገኘነው ሰው ሁሉ ለገረዷ እጅ ነሣ። አንድ ሽማግሌ እንዲያውም ከመንገድ ወጥቶ አሳለፋት። እመቤቲቱ ከኋላ፣ «አንገትሽን ቀና አድርጊ እንጂ! አዋረድሽኝ እኮ!» ትላታለች፤ እኔ በሳቅ ልሞት።

ከጉሙ ስንወጣ ልጅቷ ዓይኗን ጨፍና አለቀሰች። ባልቴቷ ደጅ አወረድናት። «ቢስሚላሂ» ብላ ባልቴቷ ቡቱቶዋን ገለጠችና ሰሌኑ ላይ አስቀመጠቻት። ልጅቷ ትንሽ ቆይታ ዓይኗን ከፈት አደረገች። ሰሌኑ ላይ አንድ ጥቁር ነገር አየች። እጇን አነሣች፤ ያም እጁን አነሣ። ጥላዋን አይታ አታውቅም ነበር! በሁለት እጇ ልትይዘው ታገለች፣ እንቢ አላት፣ መታችው፣ ከዚያም ሳቀች። እናቷ ስትስቅ ሰምታት እንደማታውቅ ያን ቀን ነገረችኝ።

ትንሽ ጎጆ ተከራዩ። ምግባቸውን ገረዷ ትሠራለች፤ እንቁላሉና ወተቱ ከባልቴቷ ቤት ይመጣል። እኔ በየገበያው ቀን እወርዳለሁ። በመጀመሪያው ወር ላቧ ቆመ። በሁለተኛው ጭኗን ስነካት አላለቀሰችም፤ ያን ቀን ራሷን ስሜ ስሜ አልጠግብ አልሁ። ለጥምቀት በሆዷ እየተሳበች ደጃፉ ጋ ደረሰች፤ እርግብግቢቷም ጠቧል። አለመቆሟ ግን! ጾሙ ገባ፣ ጾሙ ተጋመሰ፣ ልጅቷ አልቆመችም። እኔ ቀን እቆጥራለሁ። በብብቷ ይዤ ላቆማት ስል ባልቴቷ እጄን መታችኝ።

«አታቁሚያት! ስትጠነክር ራሷ ትነሣለች። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል አልሰማሽም?»

«እንቁላሉ ፋሲካ አያውቅም!» አልኋት በቁጣ። «ፋሲካ ከደረሰ አባቴ ይመጣል!»

«ይምጣ» አለች። «ቁጡ ልጅ ያሳደገ ሰው ደግ መሆን አለበት።»

አባቴ በፋሲካ ማግስት ጠዋት ቀርከሃውን ከማገር አወረደ። አብረን ወረድን። ካለፈው ገበያ ወዲህ አላየኋትም። ደጃፉ ስንደርስ እናትየው አባቴን አይታ ቆመችና የያዘችው ማሰሮ ከእጇ አምልጦ ተሰበረ። ልጅቷ ከጎጆው መቃን አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ተቀምጣለች!

አባቴ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ጨርቁን ጉልበቱ ላይ ፈታ፤ ስምንቱ ቀርከሃ እርስ በርሱ ተጋጭቶ ቀጭ ቀጭ አለ።

ልጅቷ ድምፁን ሰማችና ዞረች። መቃኑን ይዛ ተነሣች። ተነሣች እላለሁ! እናቷ ልትናገር አፏን ከፈተች፣ ባልቴቷ አፏን ያዘቻት። ልጅቷ መቃኑን ለቀቀች። አንድ እርምጃ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ቂጧ ላይ ዘፍ አለች። አለቀሰች? የት አባቷ! እጇን መሬት ላይ ተክላ፣ ቂጧን ወደ ሰማይ አድርጋ ተነሣችና ቀጥ ብላ አባቴ ጋ ሄደች። ከጉልበቱ ላይ አንዱን ቀርከሃ መዘዘች። ዞር ብላም የባልቴቷን ዶሮ በቀርከሃው ልትመታ ተነሣች።

እልልታዬ አንኮበር ድረስ ተሰምቶ ይሆናል! ባልቴቷ «አልሐምዱሊላህ፣ ማሻአላህ» ትላለች፣ ገረዷ ታጨበጭባለች፣ እመቤቲቱ መሬት ላይ ተደፍታ የአባቴን ጫማ የሌለው እግር ትስማለች። መሳም የነበረባት የባልቴቷን እግር ነው፤ ግን ማን ልብ አለ! «ካልታዘልሁ አላምንም አለች ሙሽራ፤ አሁንስ አመንህ፣ አባዬ?» አልሁት፤ እየሳቅሁ፣ እያለቀስሁ።

አባቴ ልጅቷን ያዘና እግሯን በእጁ ዳሰሰ። ጎባጣው ሙሉ በሙሉ አልቀናም ነበር፤ እስኪቀና ሌላ ዓመት ከመንፈቅ ፈጅቷል። አጥንቱ ግን ድንጋይ ሆኗል። ደጋግሞ ዳሰሰው። ከዚያ ሰባቱን ቀርከሃ ለባልቴቷ ለማገዶ ሰጥቶ ተነሣ። ስምንተኛውን ልጅቷ አልሰጥም አለች።

ዳገቱን ስንወጣ እኔ አወራለሁ፣ አወራለሁ፤ አባቴ ከፊት ከፊቴ ይወጣል። ጉሙ መጀመሪያ ላይ ስንደርስ አንድ ቋጥኝ ላይ ተቀመጠ። ደከመህ? አልሁት።

«ወንድምሽ የተወለደ ዓመት» አለ፣ «ፈንጣጣ አልገባም ነበር?»

«ገብቷል» አልሁ። ከዚያ ነገሩ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ገባኝና ከአጠገቡ ተቀመጥሁ።

«እናትሽ ፈርታ ከጓዳ ያላወጣችው ስንት ጊዜ ነው?»

«ሁለት ክረምት፣ አባዬ።»

ያን ሞቃት እጁን ገልብጦ፣ መልሶ ገልብጦ አየው። «ይህን ለእሱ አትንገሪው» አለኝ። በመስቀሉ አስማለኝ። ማልሁ።

ከዚያ ወዲህ እግሩ የጎበጠ ልጅ ሲያመጡለት አባቴ ከመንካቱ በፊት፣ «ልጁ ፀሐይ ያውቃል?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። ከጓዳ ያስወጣቸው ልጆች ብዙ ናቸው፤ ዛሬ በየአገሩ ይሄዳሉ። ለወንድሜም በየጠዋቱ በርጩማውን ተሸክሞ ደጅ ያወጣለት ጀመር፤ በጨለማ ቤት እየጻፈ ዓይኑ እንዳይጠፋ።

ይኸው ተናገርሁት። አባቴ ከሞተ ቆየ፤ መሐላውን እግዜር ይፍታኝ።

ወንድሜ ብዕሩን አቆመ። እኔ ሰው የማልፈራ ሴት ፊቱን ለማየት ፈራሁና ወደ ደጅ አየሁ።

«እትዬ» አለኝ፣ «አባዬ በርጩማዬን ደጅ ያወጣልኝ የነበረው ለምን ይመስልሻል?»

«ለብርሃን ነዋ፤ ለጽሕፈትህ።»

«ፀሐይ ላይ ብራና ይጻፋል? ይጠማዘዛል እኮ። እዚያ ጽፌ አላውቅም።» ቀለሙን አማሰለ። «ያን ፋሲካ እኔ የዐሥራ ስምንት ዓመት ጎረምሳ ነበርሁ፤ ጢሜ ወጥቷል። አንቺ ውኃ ስትወርጂ የቀኝ እግሬን ገልጦ በሰሊጥ ቅባት ያሸው ነበር። ለምን ብዬ አልጠየቅሁትም። ፀሐዩ ራሴን ያመኝ ነበር፤ ግን ይበቃል እስኪለኝ ቁጭ እል ነበር።»

«ስንት ጊዜ?» አልሁት።

«እስኪሞት ድረስ፣ በየጠዋቱ» አለኝ።

ይህንንም ጻፈው አልሁት። ጻፈው።